ደጅ ሳይጠኑ አቤት ማለት፦ ጉዳይን ለታኮማ ፓርክ ከተማ ምክር ቤት ማቅረቢያ ዝርዝር መመሪያ

ታኮማ ፓርክ በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ጋር ተጣብቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በከተማነት የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ17 ሺህ ብዙም አልዘለሉም። ትንሽ ብትሆንም የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ቤተ መጻሕፍትና የራሷ የቤት ኪራይ መቆጣጠሪያ ሕግ አላት። ይህን ሁሉ የሚመሩት ሰባት ሰዎች ናቸው፦ አንድ ከንቲባና ከስድስት ዋርዶች፣ ማለትም የምርጫ ቀጠናዎች፣ የተመረጡ ስድስት የምክር ቤት አባላት። ስብሰባቸው አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ማታ፣ ሜፕል አቬኑ ላይ ባለው የኮሚዩኒቲ ማዕከል አዳራሽ ነው። በሩ ለማንም ክፍት ነው።

እኔ ወደዚያ አዳራሽ መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። የእኛን ሰው የማየው ግን ከስንት አንዴ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ማታ ማታ የሚሠራ አለ፣ ልጅ የሚጠብቅ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ አለ፦ ጉዳይ የሚያልቀው ሰው ሲታወቅ ነው ብለን እናምናለን። እዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። በጊዜ መድረስና የሚፈልጉትን ነገር ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በተለይ በጊዜ መድረስ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በመንገዳችን ላይ የመኪና ማቆሚያ ደንብ ሊቀየር ነው ሲባል ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ሄድኩ። ተራ በተራ ተናገርን፣ በአክብሮት ሰሙን፣ ከዚያም ደንቡ እንዳለ ጸደቀ። የሄድነው ለካ በሁለተኛው ንባብ፣ ማለትም ደንቡ በሚጸድቅበት ማታ ነበር። ጉዳዩ ውይይት ላይ የነበረው ከሳምንታት በፊት ሲሆን ያኔ ከእኛ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምጽፈው ሌላ ሰው ያን ማታ እንዳይደግመው ብዬ ነው።

አንደኛ፦ የሚኖሩት በእርግጥ ከተማዋ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ

በፖስታ አድራሻዎ ላይ "ታኮማ ፓርክ" የሚል መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የፖስታ አድራሻና የከተማ ወሰን አንድ አይደሉም። የታኮማ ባቡር ጣቢያ ራሱ ያለው በዲሲ መሬት ላይ ነው፤ በጣቢያው ዙሪያ ያለው "ታኮማ" የሚባል ሰፈር የዲሲ እንጂ የሜሪላንድ አይደለም። አጠገባችን ያለችው፣ ሐበሻ የሞላባት ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ጭራሽ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም። የምትተዳደረው በቀጥታ በሞንጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ሮክቪል ለሚቀመጠው የካውንቲ ምክር ቤት ነው።

ወሰኑንና ዋርድዎን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ለከተማዋ ጸሐፊ ቢሮ ደውሎ የቤትን ቁጥርና የመንገድን ስም መስጠት ነው። እዚህ "ሲቲ ክለርክ" የሚባለው ይህ ቢሮ ነው። በዚያው ስልክ "የእኔ ዋርድ ተወካይ ማነው?" ብለው ይጠይቁ፤ ስሙንና የኢሜይል አድራሻውን ይጻፉ። ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ሰው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ቤት ጉዳይ የካውንቲው ትምህርት ቦርድ ነው። የውኃ ቢል ከተማዋን አይመለከትም፤ ውኃውን የሚያቀርበው ሞንጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን የሚያገለግለው የውኃና ፍሳሽ ኮሚሽን ነው። መብራት ፔፕኮ የሚባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። አንዳንድ መንገድ ደግሞ ከተማዋን መሐል ለመሐል ያቋርጣል እንጂ የእሷ አይደለም። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ፓይኒ ብራንች የስቴቱ መንገዶች ናቸው። እዚያ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ይሠራልን ካሉ ምክር ቤቱ ራሱ ሊያሠራው አይችልም። ለስቴቱ የመንገድ አስተዳደር ደብዳቤ ሊጽፍልዎና ከጎንዎ ሊቆም ግን ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠይቁት ይህንኑ ይሁን።

በከተማዋ እጅ ያለው የሠፈር ውስጥ መንገድና የእግረኛ መሄጃ፣ የቆሻሻ ማንሣት ሥራ፣ የከተማዋ መናፈሻ፣ ፖሊስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የተከራይና አከራይ ደንብ እንዲሁም የከተማዋ የንብረት ግብር ነው። የኪራይ ጉዳይ ብዙዎቻችንን ይነካል። በታኮማ ፓርክ በሕጉ ሥር የሚወድቅ አፓርታማ ኪራይ የሚጨመርበት መጠን ከዋጋ ግሽበት ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ይወሰናል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥም ከአንዴ በላይ መጨመር አይቻልም። አከራይዎ ከዚያ በላይ ከጠየቀዎት ምክር ቤት ፊት ከመቆምዎ በፊት ወደ ከተማዋ የቤቶች ክፍል ይሂዱ። ሕጉ አስቀድሞ የወጣ ስለሆነ ምክር ቤቱን የሚፈልጉት ሕጉ እንዲለወጥ ወይም እንዳይለወጥ ሲሹ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአገር ቤት ከምናውቀው ይለያል። እዚህ ከንቲባ ማለት የመሥሪያ ቤቱ አዛዥ ማለት አይደለም። ከንቲባው ስብሰባውን ይመራል፣ ድምፁ ግን ከሰባቱ አንዱ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ መንገድ የሚያስጠግነው፣ በጀት አርቅቆ የሚያቀርበው ምክር ቤቱ የቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ስለዚህ የተሰበረ የእግረኛ መሄጃ ወይም ሳይነሣ የቀረ ቆሻሻ ከሆነ ጉዳይዎ፣ ለሚመለከተው ክፍል ቢደውሉ ስብሰባ ሳይጠብቁ ሊያልቅልዎ ይችላል። የደወሉበትን ቀን ይመዝግቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደውለው ካልተሠራ ያ መዝገብ ምክር ቤት ፊት ጠበቃዎ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ አጀንዳውን ያንብቡ፣ ጉዳዩ የት እንደደረሰም ይወቁ

አጀንዳው ከስብሰባው ቀደም ብሎ በከተማዋ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ የሜሪላንድ የክፍት ስብሰባዎች ሕግም ይህንን ያስገድዳል። አጀንዳውን ሲከፍቱ ረጅም ነው፣ ቋንቋውም ደረቅ ነው። አይፍሩት። ሁለት ቃላት ብቻ ይፈልጉ።

የመጀመሪያው "ወርክ ሴሽን" ነው፤ የውይይት ጊዜ ማለት ነው። አባላቱ ገና እያሰቡ፣ ሠራተኞችን እየጠየቁ፣ እርስ በእርስ እየተከራከሩ ያሉበት ደረጃ ነው። እዚህ ላይ የተነገረ አንድ ጥሩ ሐሳብ ረቂቁ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው።

ሁለተኛው "ቮቲንግ ሴሽን" ነው፤ ድምፅ የሚሰጥበት። ደንብ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ በተለያየ ማታ። የመጀመሪያው ንባብ ላይ ከደረሱ ገና ጊዜ አለዎት። "ሁለተኛ ንባብ" የሚል ካዩ ግን ዳቦው ከምድጃ ሊወጣ ነው፤ ያን ማታ አሳብ የሚያስቀይር አዲስ ነገር ይዘው ካልመጡ በቀር ብዙ አይጠብቁ። አቋምን የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ ደግሞ በአንድ ማታ ቀርቦ ሊያልቅ ይችላል።

ከአጀንዳው ጋር የሠራተኞች ማብራሪያ ተያይዞ ይወጣል። ብዙ ሰው አይከፍተውም፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ወጪው ስንት እንደሆነ፣ ምን ምን አማራጭ እንደታየና ሠራተኞቹ የትኛውን እንደደገፉ የሚገኘው እዚያ ነው። ልጅዎ እንግሊዝኛውን ከእርስዎ በተሻለ ካነበበ አብራችሁ ተቀመጡበት። ብዙ ቤት ውስጥ ልጆቹ የኮንግረስን አሠራር በትምህርት ቤት ተምረዋል፣ የራሳቸውን ከተማ አሠራር ግን አያውቁም።

አራተኛ፦ ከስብሰባው በፊት ለተወካይዎ ይጻፉ

ይህ እርምጃ ከንግግሩ ይበልጣል። የዋርድ ተወካይ የሚወክለው ጥቂት ሺህ ሰው ነው፤ ስለ አንድ መንገድ አምስት ኢሜይል ከደረሰው ያ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ችግሩ ምን እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ። ከዚያ "ይህ ጉዳይ አጀንዳ ላይ መቼ ይወጣል?" ብለው ይጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ቀን ታስቆርጣለች።

ሰው መያዝም ያዋጣል፣ ግን አያያዙን ይወቁበት። ሃያ ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ገልብጦ ከሚልክ፣ አምስት ሰው የየራሱን ነገር ቢጽፍ ይሻላል። አንዷ እናት ስለ ልጇ፣ አንዱ ታክሲ ነጂ ሌሊት ሲመለስ ስለሚያየው፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት በረዶ ሲወርድ ስለሚያጋጥማቸው። በዕቁባችሁ ወይም በዕድራችሁ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ማን ምን እንደሚጽፍ ተከፋፈሉ።

አምስተኛ፦ ሦስቱን ደቂቃ ያዘጋጁ

በስብሰባው መጀመሪያ አካባቢ ነዋሪዎች የሚናገሩበት ሰዓት አለ፣ "ፐብሊክ ኮመንት" ይባላል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱም በትክክል ይቆጠራል። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም። ስምዎንና የሚኖሩበትን አካባቢ ብቻ ይናገራሉ።

የእኛ አነጋገር መግቢያ ይወዳል። ሰላምታ አስቀድመን፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የጨዋ አነጋገር ነው። በሦስት ደቂቃ ግን መጨረሻው ሳይደርስ ደወሉ ይደርሳል። አንድ አባት ስለ መጡበት ዘመን፣ ስለ ከተማዋ መልካምነት በሚያምር አነጋገር ሲያወሩ ሰዓታቸው አልቆ፣ ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ልቤ ተነክቷል። ስለዚህ ጥያቄዎን መጀመሪያ ያድርጉት። እንዲህ፦

"ስሜ እገሌ ይባላል፤ የምኖረው ዋርድ እዚህ፣ እንዲህ በሚባለው መንገድ ነው። የመጣሁት በመንገዳችን ላይ የእግረኛ መሄጃ እንዲሠራ፣ ለዚህም በመጪው በጀት ገንዘብ እንዲያዝ ለመጠየቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቻችን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁት አስፋልቱ ላይ ቆመው ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ቆሜ ቆጥሬያለሁ፤ ይህን ያህል ልጆች ነበሩ። ለሚመለከተው ክፍል በእነዚህ ቀኖች ደውያለሁ። ሠራተኞች ቦታውን አይተው ለምክር ቤቱ መልስ ይዘው እንዲመለሱ ቀን እንዲቆረጥልን እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።"

ይህ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፣ ምንም አልጎደለበትም። ልብ ይበሉ፣ የተጠየቀው "እርዱን" የሚል አይደለም። በጀት፣ ቦታውን ማየት፣ ቀን መቁረጥ ተብሎ ተለይቶ ነው። ምክር ቤት "እርዱን" ሲባል ያዝናል፤ "ቀን ቁረጡልን" ሲባል ግን መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ቤት ውስጥ ጮክ ብለው በሰዓት ይለማመዱት። ወረቀት ይዞ ማንበብ ነውር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚያነበው ከወረቀት ነው። በአማርኛ መናገር ከፈለጉ ቢያንስ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ደውለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚ በዕለቱ አይገኝም። የራስዎን ሰው ይዘው ከመጡም ጊዜው ለሁለቱ ቋንቋ እንዲበቃ ማብቃቃትዎን አይርሱ።

በዚያ ማታ አባላቱ ወዲያው መልስ ላይሰጡዎት ይችላሉ። ዝም አሉ ብለው አይከፉ። ሰምተው ወደ አጀንዳቸው መመለስ የአሠራሩ ልማድ ነው። አባላቱን በስም ጠርቶ መውቀስ፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ የተናገረውን ሰው መልሶ መናገር ጉዳይዎን ይጎዳል። መምጣት ካልቻሉ ሐሳብዎን በጽሑፍ ይላኩ። ስብሰባው በቪዲዮ ስለሚቀረጽ ከሥራ ሲመለሱ ማየት ይችላሉ።

በር ተዘግቶ ቢያገኙትስ?

አንዳንዴ ምክር ቤቱ ለብቻው ይሰበሰባል። የሜሪላንድ ሕግ ይህን የሚፈቅደው ለተወሰኑ ጉዳዮች ነው፤ ለምሳሌ ለሠራተኛ ጉዳይ፣ ለጠበቃ ምክርና ለመሬት ግዥ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት በአደባባይ ድምፅ መስጠትና ምክንያታቸውን በጽሑፍ ማስፈር አለባቸው። ያ ጽሑፍ የእርስዎም ነው፤ መጠየቅ ይችላሉ።

ሌላም ሰነድ ከፈለጉ፣ ለምሳሌ በመንገድዎ ላይ የተደረገ የትራፊክ ጥናት፣ በስቴቱ የመረጃ ሕግ መሠረት በጽሑፍ ይጠይቁ። ሕጉ ለመልሱ 30 ቀን ይሰጣል፤ ሰነዱን ለመፈለግ የሚወስደው የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት አይከፈልበትም። ጥያቄዎ ጠባብ ይሁን። "ስለ መንገዱ ያላችሁን ሁሉ" ካሉ ብዙ ይቆያል፣ ሊያስከፍልም ይችላል።

ስድስተኛ፦ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ከሆነ የበጀቱን ወቅት ይያዙ

የከተማዋ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ለእኛ ለማስታወስ አይከብድም፤ ከአገር ቤቱ ሐምሌ 1 የሚለየው በአንድ ሳምንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን የሚያቀርበው በኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ በዚያው ወር የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ሜይ ላይ ይጸድቃል። ጁን ላይ መጥቶ ገንዘብ መጠየቅ ድግሱ ከተበላ በኋላ መድረስ ነው። ለተወካይዎ የሚጽፉት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ ይሁን፤ ረቂቁ ገና ሲሰናዳ ማለት ነው። ኤፕሪል ላይ በአካል መጥተው ይደግሙታል። በኦገስት ምክር ቤቱ እረፍት የመውጣት ልማድ ስላለው በዚያ ወር ብዙ አይጠብቁ።

ሰባተኛ፦ ድምፅ መስጠት፣ በጥንቃቄ

ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ዓመት አውርዳለች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ናት። ከ2020 ጀምሮ ምርጫው በጎዶሎ ዓመት መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር፣ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር ይውላል። ድምፅ የሚሰጠው በደረጃ ነው፦ አንደኛ ምርጫዬ፣ ሁለተኛ ምርጫዬ ተብሎ።

አሁን የምጽፈውን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ እንዲያነበው እለምናለሁ። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማዋ ጸሐፊ ዘንድ፣ በከተማዋ ቅጽ ብቻ ነው። የመንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የሚቀርበው የመራጭነት ምዝገባ የስቴቱ ነው፤ እዚያ "ዜጋ ነኝ" ብሎ መፈረም ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። በምርጫው ዕለትም የከተማዋ ወረቀት ለብቻው፣ የፕሬዚዳንቱና የስቴቱ ለብቻው ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁለተኛውን መንካት የለበትም። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹ ስለ ምዝገባና ድምፅ ስለመስጠት ይጠይቃል፤ ስለዚህ የተመዘገቡበትን ወረቀት ቅጂ ያስቀምጡ፣ ማመልከቻውን ከመሙላትዎ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ልብዎ ካልረጋ አይመዝገቡ፤ ሳይመርጡም መጻፍና መናገር ሙሉ መብትዎ ነው።

ከስብሰባው በኋላ

በማግሥቱ ጠዋት ለተወካይዎ ሁለት መስመር ይላኩ፦ ስላዳመጡዎት ምስጋና፣ ከዚያ "ሠራተኞች መቼ መልስ ይዘው ይመለሳሉ?" የሚል ጥያቄ። ቀኑን በግድግዳ ካላንደር ላይ ያክብቡ። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ ስምዎና ጥያቄዎ በትክክል መስፈሩን ይዩ፤ ከተሳሳተ ለጸሐፊዋ ጽፈው ያሳርሙ። ቀኑ ደርሶ መልስ ካልመጣ፣ በቀጣዩ ረቡዕ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይመለሱና "ባለፈው በዚህ ቀን ይህን ጠይቄ ነበር" ብለው ይጀምሩ። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ፊትዎን ያውቁታል። ሦስተኛው ላይ ጎረቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እርስዎ ሥራ ላይ ቢሆኑ እሷ ትናገራለች።